ትንሿ አይዳሆ ከኒው ጀርሲ የበለጠችበት ማታ፦ የዴሊጌት ግምት እንዴት ይሠራል?

ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2008 ማታ፣ ለዴሞክራቶች የፕሬዚዳንትነት ዕጩነት ይፎካከሩ የነበሩት ሂላሪ ክሊንተን ኒው ጀርሲን አሸነፉ። በዴሞክራቶቹ ፕራይመሪ (የፓርቲው ዕጩ መምረጫ ድምፅ) ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ የሰጠባት ትልቅ ግዛት ናት። ትልቅ ዜና ሆነ። በዚያው ማታ ተፎካካሪያቸው ባራክ ኦባማ አይዳሆን አሸነፉ። አይዳሆ ውስጥ ለዴሞክራቶቹ ኮከስ (በስብሰባ ለሚደረገው ምርጫ) የወጣው ሰው ሃያ ሺህ ገደማ ነበር። ስለ እሱ ብዙም ያወራ የለም።

ዴሊጌቶቹ (በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን የሚሰይሙት ሰዎች) ሲቆጠሩ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ከኒው ጀርሲ ክሊንተን 59፣ ኦባማ 48 አገኙ። ልዩነቱ 11 ነው። ከአይዳሆ ኦባማ 15 ሲወስዱ ለክሊንተን የደረሳቸው 3 ብቻ ነው። ልዩነቱ 12። ትንሿ አይዳሆ የኒው ጀርሲን ድል አጣፍታ አንድ ዴሊጌት ተረፋት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ያነሳሁት 2028 እየተጠጋ ስለሆነ ነው። ሕገ መንግሥቱ ዶናልድ ትራምፕ ለሦስተኛ ጊዜ እንዲመረጡ አይፈቅድም። ስለዚህ በሁለቱም ፓርቲዎች ሜዳው ክፍት ነው፤ ተወዳዳሪውም ይበዛል። ያኔ በየማታው በቴሌቪዥኑ ጥግ አንድ ቁጥር ይመጣል፦ እገሌ ይህን ያህል ዴሊጌት፣ እገሊት ይህን ያህል። ያንን አይቶ «በቃ፣ አልቋል» ብሎ ሳይመርጥ የሚቀር ሰው አለ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ፣ ላስ ቬጋስና ሚኒያፖሊስ ላለው ወገናችን ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ግምት ነውና። ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደተደመረበት ሳይጠይቁ መቀበል አይገባም።

ለጀማሪ ያህል፦ ዴሊጌት ማለት በፓርቲው ብሔራዊ ጉባኤ ተገኝቶ ዕጩውን በድምፁ የሚሰይም ሰው ነው። ፕራይመሪና ኮከስ የሚካሄዱት እነዚህን ሰዎች ለተወዳዳሪዎቹ ለማከፋፈል ነው። ከግማሽ በላይ የሰበሰበ የፓርቲው ዕጩ ይሆናል። በ2024 ለሪፐብሊካኖች የሚያስፈልገው 1,215 ነበር፤ ለዴሞክራቶች 1,968። ትራምፕም ጆ ባይደንም በአንድ ቀን፣ ማርች 12 ላይ ሞሉት። ያ ግን ከባድ ፉክክር ያልነበረበት ዓመት ነው። ግምቱ የሚፈተነው ፉክክሩ ሲጠብቅ ነው።

አራት ዴሊጌት ያለው ወረዳ

ዴሞክራቶች ለሁሉም ግዛት የሚሠራ አንድ ሕግ አላቸው። ዴሊጌት የሚከፋፈለው በተገኘው ድምፅ መጠን ነው። ከ15 በመቶ በታች ያገኘ ምንም አይደርሰውም። ስሌቱ ደግሞ በግዛት ደረጃ ብቻ አይሠራም። አብዛኞቹ ዴሊጌቶች ለየኮንግረስ ወረዳው ተደልድለው በእያንዳንዱ ወረዳ ለየብቻ ይሰላሉ። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አራት ዴሊጌት ያለው ወረዳ እንውሰድ። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው 62 በመቶ አገኘ፣ ሌላው 38። በምርጫ ዓለም ይህ መዘረር ነው። አራትን በ62 በመቶ ብናባዛው 2.48 ይመጣል። በ38 በመቶ ብናባዛው 1.52። መጀመሪያ ሙሉ ቁጥሮቹ ይሰጣሉ፦ ለመሪው 2፣ ለተከታዩ 1። አንድ ዴሊጌት ቀረ። እሱን የሚወስደው ትልቁ ቀሪ ያለው ነው። 52 ከ48 ይበልጣል፤ ስለዚህ የቀረው ለተሸናፊው ይሄዳል። ሁለት ለሁለት። በ24 ነጥብ የተበለጠው ሰው እኩል ወጣ። መሪው ሦስተኛውን ለማግኘት 62.5 በመቶን ማለፍ ነበረበት።

አሁን ወረዳው አምስት ዴሊጌት አለው እንበል። አንደኛው 51 በመቶ ቢያገኝ 2.55 ይሆንለታል፤ የሌላው 2.45 ነው። ሁለት ሁለት ከወሰዱ በኋላ አምስተኛው ለመሪው ይሄዳል። ሦስት ለሁለት። እዚህ በጥቂት ድምፅ መብለጥ ብቻውን አንድ ዴሊጌት ያስገኛል።

እንግዲህ ይህን ያወቀ የምረጡኝ ዘመቻ ገንዘቡንና ሰዉን የት እንደሚያውል ያውቃል። የዴሊጌቱ ቁጥር ተጋማሽ በሆነበት ወረዳ ከ45 ወደ 55 ለመውጣት ሚሊዮን ዶላር ማፍሰስ ኪሳራ ነው። ጎዶሎ በሆነበት ወረዳ ግን ያው ገንዘብ ውጤት ያመጣል። በ2008 የኦባማ ሰዎች ይህን ቀድመው ገብቷቸዋል። ዘመቻውን የመሩት ዴቪድ ፕላፍ ነበሩ፤ የዴሊጌቱን ጉዳይ የያዙት ደግሞ ጄፍ በርማን። ክሊንተን በትልልቆቹ ግዛቶች ላይ ሲያተኩሩ እነሱ እንደ አይዳሆ ባሉት ቦታዎች ቀድመው ሰው አሰማሩ። ከፌብሩዋሪ 5ቱ ማክሰኞ በኋላ የዘመቻው የውስጥ ሰንጠረዥ በስህተት ጋዜጠኞች እጅ ገባ። የቀሩትን ግዛቶች አንድ በአንድ የገመተ ነበር። ኦሃዮን፣ ቴክሳስንና ፔንሲልቬኒያን እንደሚሸነፉ ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል፤ እንዲያም ሆኖ ውድድሩን ሲመሩ ይታያል። ሦስቱንም ሽንፈቶች በትክክል ነው የገመተው።

ኔቫዳ የዚህ ሁሉ ጥሩ ማሳያ ናት። ጃንዩዋሪ 19 ቀን 2008 በተደረገው ኮከስ ክሊንተን 51 ለ45 አሸነፉ። ላስ ቬጋስ አካባቢ ብርቱ ነበሩ። የዴሊጌቱ ግምት ግን ለኦባማ 13፣ ለክሊንተን 12 ሆነ። ኦባማ በሰሜኑ የግዛቲቱ ክፍል ጠንክረው ስለነበር ጎዶሎ ቁጥር ባለው ወረዳ አንዷን ትርፍ እነሱ ወሰዷት። ማን አሸነፈ በሚለው ላይ ሁለቱ ዘመቻዎች በዚያው ማታ ተጨቃጨቁ። ሁለቱም የያዙት ቁጥር ትክክል ነበር።

የ15 በመቶው ዝቅተኛ ገደብ የሚሠራው ሥራ ደግሞ ከዚህም ይረቅቃል። ስድስት ዴሊጌት ባለው ወረዳ ተወዳዳሪዎቹ ሀ 40 በመቶ፣ ለ 30፣ ሐ 14 አገኙ እንበል። የተቀረው 16 በመቶ በትንንሾቹ ተበታትኗል። ሐ ስላልሞላ ይወጣል፤ ስሌቱ በሀ እና በለ መካከል ብቻ ይሆናል። ለሀ 3.43፣ ለለ 2.57 ይመጣል። ቀሪው ለለ ይሄድና ሦስት ለሦስት ይወጣሉ። አሁን ሐ አንድ ነጥብ ጨምሮ 15 ቢደርስ? ድርሻቸው 2.82፣ 2.12 እና 1.06 ይሆናል። ውጤቱ 3፣ 2፣ 1። ሀ ምንም አልተነካም። ሐ ያገኛት አንዷ ዴሊጌት የወጣችው ከለ ኪስ ነው። ለ ግን አንድም ድምፅ አልጎደለበትም። ተወዳዳሪው ስድስትና ሰባት በሆነበት ዓመት የሕዝብ አስተያየት ጥናት ላይ የአንድ ነጥብ ስህተት ምን እንደሚያመጣ ከዚህ ይታያል። ጥናቶቹ ደግሞ በሦስትና በአራት ነጥብ መሳታቸው የተለመደ ነው።

ገደቡ በየወረዳው ለየብቻ መሆኑ ለትንንሾቹም በር ይከፍታል። በ2024 ሚሺጋን ውስጥ ከ100,000 በላይ ዴሞክራቶች በጋዛው ጦርነት ተቆጥተው ባይደንን ትተው «ለማንም አልወገንኩም» የሚለውን መረጡ። በግዛት ደረጃ 13 በመቶ ገደማ ስለሆነ ገደቡን አልሞላም። ነገር ግን በሁለት ወረዳዎች 15 በመቶን አለፈ። ከ117ቱ ሁለት ዴሊጌት አገኘ። የግዛቱን ጠቅላላ ውጤት ብቻ ያየ ገማች ዜሮ ነበር የሚጽፈው።

ልዩነቱ ለምን አይደፈንም?

በዚህ ዓይነት አከፋፈል አንዴ የተበለጠ ሰው ማካካስ ይቸግረዋል። በ100 ዴሊጌት ወደኋላ የቀረ ተወዳዳሪ ገና 1,000 ዴሊጌት ያልተመረጠ ከሆነ ለመድረስ ብቻ ከቀሪው 55 በመቶ ያስፈልገዋል። ግማሹ ምርጫ አልፎ 500 ብቻ ቢቀር ደግሞ 60 በመቶ። ክሊንተን ኤፕሪል 22 ፔንሲልቬኒያን በ9 ነጥብ ያህል አሸንፈው ያገኙት ብልጫ 12 ዴሊጌት ነበር፤ 85 ለ73። ትልቅ ግዛት፣ ጥሩ ድል፣ 12 ዴሊጌት። አይዳሆ ብቻዋን ያንን አጥፍታዋለች። በመጨረሻ ሲደመር በሕዝብ የተመረጡት ዴሊጌቶች ልዩነት ከ150 አይበልጥም ነበር። ግን ከፌብሩዋሪ ወዲህ ያቺ ልዩነት አልተደፈነችም።

ቴክሳስ ደግሞ የራሷ ጣጣ ነበራት። በዚያን ዓመት ቀን ፕራይመሪ፣ ማታ ኮከስ ታደርግ ነበር። ፕራይመሪውን ክሊንተን 65 ለ61 አሸነፉ። ኮከሱን ኦባማ 38 ለ29። ድምሩ 99 ለ94፣ ለኦባማ። ዜናው ግን «ክሊንተን ቴክሳስን አሸነፉ» ነበር። ፓርቲው ለየወረዳው ዴሊጌት የሚያድለው ቀድሞ ለዴሞክራቶች በተሰጠው ድምፅ ብዛት ነው። ኦስቲንን የያዘው ወረዳ 8 ዴሊጌት ሲኖረው በሜክሲኮ ድንበር በኩል ያሉት፣ ክሊንተን የገነኑባቸው ወረዳዎች፣ ከዚያ በጣም ያነሰ ነበራቸው። ስለዚህ የአንድ ሰው ድምፅ ክብደት በሚኖርበት ሰፈር ይወሰናል።

ሪፐብሊካኖች ዘንድ

እዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቀመር የለም። ብሔራዊው ፓርቲ አጥር ያበጃል፤ የየግዛቱ ፓርቲ በአጥሩ ውስጥ የፈለገውን ይመርጣል። በ2016 ትራምፕ ሳውዝ ካሮላይናን በ32.5 በመቶ አሸንፈው 50ውንም ዴሊጌት ጠቅልለው ወሰዱ። ዴሞክራቶች ዘንድ ቢሆን ይህን ያህል ድምፅ የግማሹን እንኳ ዋስትና አይሰጥም። በ2024 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከግማሽ በላይ ያገኘ 169ኙን በሙሉ ይወስድ ነበር፤ ግማሹን ካልሞላ ግን ይከፋፈላል። ለገማች ይህ አስቸጋሪ ነው። አንድ ሰው 49 ይሁን 51 በእርግጠኝነት መናገር ሳይቻል ልዩነቱ በብዙ አሥር ዴሊጌቶች ይቆጠራል።

ፔንሲልቬኒያ ከሁሉም ትብሳለች። በ2016 ከ71 የሪፐብሊካን ዴሊጌቶች 17ቱ ብቻ ለአሸናፊው ይሰጡ ነበር። 54ቱን መራጩ በስማቸው ነው የመረጣቸው። በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ማንን እንደሚደግፉ አልተጻፈም። መራጩ የማያውቀውን ስም አይቶ ምልክት ያደርጋል። እነዚህን ለመገመት የሕዝብ አስተያየት ጥናት አይረዳም። ያለው አማራጭ ስልክ አንስቶ ሰዎቹን አንድ በአንድ መጠየቅ ነው። ኮሎራዶ ደግሞ በዚያው ዓመት የሕዝብ ድምፅ ጭራሽ አልሰጠችም። በፓርቲው ስብሰባዎች ለምርጫ የቀረቡትን 34 ዴሊጌቶች የትራምፕ ተፎካካሪ ቴድ ክሩዝ ጠርገው ወሰዱ። የክሩዝ ሰዎች ስብሰባው ውስጥ ቀድመው ተሰልፈው ነበር።

ኮከስ ማታ የሚወጣ ቁጥርን በተለይ መጠርጠር ያስፈልጋል። በ2012 አዮዋ ውስጥ ሚት ሮምኒ በ8 ድምፅ አሸነፉ ተባለ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሪክ ሳንቶረም በ34 ድምፅ እንደሚመሩ ተነገረ። ብሔራዊው ጉባኤ ሲደርስ ከ28ቱ የአዮዋ ዴሊጌቶች 22ቱ የሮን ፖል ደጋፊዎች ሆነው ተገኙ! በኮከሱ ማታ ሦስተኛ የወጡት ሰው ማለት ነው። የዚያ ማታው ምርጫ ዴሊጌቶቹን አያስርም ነበር። የፖል ደጋፊዎች በየደረጃው ስብሰባ ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ እየቆዩ ራሳቸውን አስመረጡ። በ2020 ደግሞ እዚያው አዮዋ በዴሞክራቶቹ ኮከስ ውጤት ማስተላለፊያው አፕ ተበላሸ። በርኒ ሳንደርስ በሰው ድምፅ በለጡ፤ ፒት ቡቲጀጅ በዴሊጌት 14 ለ12። የዜና ወኪሉ አሶሺዬትድ ፕሬስ አሸናፊ አላውጅም አለ። ልክ ነበር።

ቃል ብቻ ሲቆጠር

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሱፐር ዴሊጌት የሚባሉት ናቸው። የዴሞክራቲክ ፓርቲው ሴናተሮች፣ የምክር ቤት አባላት፣ ገዥዎችና የፓርቲ ኃላፊዎች ናቸው። ሕዝብ በፕራይመሪ አልመረጣቸውም። እስከ መጨረሻው ሐሳባቸውን መቀየር ይችላሉ። በ2008 የመብት ታጋዩ ጆን ሉዊስ መጀመሪያ ከክሊንተን ጋር ነበሩ። በፌብሩዋሪ ወደ ኦባማ ዞሩ። በእሳቸው ላይ ተማምኖ የተደመረ ቁጥር ያን ቀን ተናደ ማለት ነው።

ጁን 6 ቀን 2016፣ ሰኞ ማታ፣ አሶሺዬትድ ፕሬስ ክሊንተን ለዕጩነት የሚያስፈልገውን 2,383 ዴሊጌት ሞልተዋል ብሎ አወጀ። ካሊፎርኒያና ኒው ጀርሲ በማግስቱ ነበር የሚመርጡት። ቁጥሩ የሞላው ሱፐር ዴሊጌቶችን በስልክ ጠይቆ የሰጡትን ቃል በመደመር ነው። ክሊንተን በማግስቱም አሸንፈዋል፤ በሕዝብ ከተመረጡት ዴሊጌቶችም ብልጫው የእሳቸው ነበር። ስለዚህ ግምቱ አልተሳሳተም። ግን ካሊፎርኒያ ያለ መራጭ ጠዋት ሲነሳ «ተጠናቋል» የሚል ዜና ነው የጠበቀው። ይህ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። በመራጭ የተገኘ ዴሊጌትና በስልክ የተሰጠ ቃል በአንድ መስመር መደመር የለባቸውም። ሁለት ዓምድ፣ ሁለት ቁጥር። አንባቢው ራሱ ይደምር።

ፓርቲው በ2018 ሕጉን ቀየረ። አሁን ፉክክሩ ካልለየለት ሱፐር ዴሊጌቶች በመጀመሪያው ዙር ድምፅ አይሰጡም። ይህ ለገማቹም ለመራጩም ትልቅ እፎይታ ነው።

ማጠናቀቂያ መስመሩ ራሱም ይንቀሳቀሳል። በ2008 ፍሎሪዳና ሚሺጋን ያለ ፈቃድ ቀናቸውን በማስቀደማቸው ዴሊጌቶቻቸው ተሰርዘው ነበር። ሜይ 31 ላይ የፓርቲው የሕግ ኮሚቴ ለእያንዳንዱ ዴሊጌት ግማሽ ድምፅ ሰጥቶ መለሳቸው። ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ወደ 2,118 ዘለለ። ኦባማ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጁን 3፣ ሞንታናና ሳውዝ ዳኮታ በመረጡበት ማታ ሞሉት።

ሰው ሲወጣም ሒሳቡ ይቀየራል። ዴሞክራቶች ዘንድ ተወዳዳሪው ውድድሩን ካቋረጠ በወረዳ ያገኛቸው ዴሊጌቶች የእሱ ሆነው ይቀራሉ፤ በግዛት ደረጃ ያገኛቸው ግን ላልወጡት ሊከፋፈሉ ይችላሉ። በ2024 ያየነው ደግሞ ከዚህ ሁሉ የባሰ ነው። ባይደን ወደ 3,900 የሚጠጋ ዴሊጌት ይዘው ጁላይ 21 ላይ ወጡ። የፓርቲው ደንብ ዴሊጌቶቹ የመረጣቸውን ሕዝብ ስሜት «በቅን ኅሊና» እንዲያንጸባርቁ ነው የሚለው። ብዙም ሳይቆይ አብዛኞቹ ወደ ካማላ ሃሪስ ዞሩ። ቺካጎ ላይ ጉባኤው ከመከፈቱ በፊት ሃሪስ በኢንተርኔት በተሰጠ ድምፅ ዕጩ ሆኑ።

ጥሩ ገማች ይህን ሁሉ ይዞ እንዴት ይሠራል? የግዛቱን የአስተያየት ጥናት ይወስዳል። ባለፉት ምርጫዎችና በነዋሪው ስብጥር ተመርቶ ወደ ወረዳ ያወርደዋል። ከዚያ ድልድሉን በኮምፒውተር ሺህ ጊዜ ይደጋግማል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ጥናቱ ትንሽ እንደሳተ አድርጎ። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። ስህተቶቹ አብረው ነው የሚንቀሳቀሱት። ጥናቱ ቨርጂኒያ ላይ ለአንዱ ሦስት ነጥብ ካጋነነ ኖርዝ ካሮላይና ላይም ሳያጋንንለት አይቀርም። ይህን የዘነጋ ሞዴል ከሚገባው በላይ በራሱ ይተማመናል። እንዲህ ተሠርቶ የሚወጣው መልስ ደግሞ «ከ210 እስከ 260» ዓይነት ነው። ለቴሌቪዥን አይመችም፤ ሐቁ ግን እሱ ነው። ካሊፎርኒያ የፖስታ ድምፅ ቆጥራ ለመጨረስ ሳምንታት ይፈጅባታል። አንድ ተወዳዳሪ በመጀመሪያው ማታ 15.3 በመቶ ላይ ቢታይ የዴሊጌቶቹ ዕጣ ገና አልታወቀም። ጠንቃቃ የዜና ተቋም እነዚያን ሳያድል ያቆያቸዋል። በስክሪኑ ላይ «ገና ያልተደለደለ» የሚለውን ቁጥር ፈልጉት። እሱን የማያሳይ ቆጠራ አይታመንም።

ለ2028 ደግሞ ቀድሞ መዘጋጀት ይቻላል። ቨርጂኒያ ውስጥ መራጭ ሆኖ ሲመዘገቡ ፓርቲ መምረጥ የለም፤ የአሌክሳንድሪያና የአርሊንግተን ዜጋ በፈለገው ፓርቲ ፕራይመሪ ይገባል። ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ግን የዴሞክራቶችን ፕራይመሪ ለመምረጥ በዴሞክራትነት መመዝገብ ግድ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ይህን ከቀኑ በፊት ማጣራት አለበት። የየግዛቱ ዴሞክራቲክ ፓርቲም ከምርጫው በፊት የዴሊጌት አመራረጥ ዕቅዱን ያወጣል። ለእያንዳንዱ ወረዳ ስንት ዴሊጌት እንደተመደበ እዚያ ላይ ተጽፏል። የእናንተ ወረዳ አምስት ወይም ሰባት ከሆነ ጥቂት መቶ ድምፅ አንድ ዴሊጌት ሊያዞር ይችላል። አራት ወይም ስድስት ከሆነ ደግሞ ሁለት ቁጥሮች ያዙ፦ ለአራቱ 62.5፣ ለስድስቱ 58.3። በሁለት ሰው ፉክክር አንድ ዴሊጌት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው እነዚህ መስመሮች ሲታለፉ ነው።